በሎማን ቤት የለበስኩት ጥቁር

አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1981

ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ እዚህ አገር ለእኔም እንደ አባት ለሆኑኝ ለጋሽ አድማሴ፤

የሮተርዳም ነፋስ እንዴት አድርጎዎታል? ወደቡ ላይ አጥንት ድረስ ይገባል ብለውኝ ነበርና ባሰብኩት ቁጥር እርስዎን እያሰብኩ ካፖርቴን እቆልፋለሁ። እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

"አዲሱ ሥራሽ ምን ዓይነት ነው፣ ይከብዳል ወይ?" ላሉኝ፣ ቢያዩት ይስቃሉ እንጂ አይከብድም። ቦዩ ዳር ያለ አንድ የድሮ ቤት ነው። ኤበርሃርት ሎማን የሚባል ጀርመናዊ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ጨርቅ በጀርባው ተሸክሞ፣ በእግሩ ከአገሩ መጥቶ፣ መንደር ለመንደር ሲሸጥ ቆይቶ በመጨረሻ የገዛው ቤት ነው። እሱና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። እሱ ሲሞት ሚስቱ አንድም ዕቃ እንዳይነካ ከለከለች። እሷም ስትሞት ቤቱን ለከተማው ተናዘዘች፤ ይኸው ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ባርኔጣው በሩ አጠገብ እንደተሰቀለ ነው። መነጽሩ መጽሐፉ ላይ ነው። ራት ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ሰው ሳህን ተዘጋጅቷል። የእኔ ሥራ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ ያነሳሁትን እዚያው ቦታው መመለስና ጎብኚ ከገመዱ አልፎ እንዳይገባ መጠበቅ ነው። ቤቱ በወንበር ተሞልቶ መቀመጥ ግን ክልክል ነው፤ ቆሜ እውላለሁ።

ጠዋት ስገባ ከልማዴ "ቤቶች!" እላለሁ። ኃላፊያችን፣ እነሱ ሜቭራው የሚሏት ወይዘሮ ፋን ዳለን፣ "ማንን ነው የምትጠሪው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ባለቤቶቹን" ስላት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። እውነቴን ነው፣ ጋሽ አድማሴ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። አንዳንዴ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ መቆም ያስፈራኛል።

አሁን ስለ ባዩ። ዴን ሃግ ድረስ ሄጄ የፍትሕ ሚኒስቴሩን ሰዎች አነጋገርኩ። ባሌ ከእስር ተፈትቶ ከአገር መውጣት ከቻለ፣ እኔም ቋሚ ሥራ ካለኝ፣ እዚህ አብሮኝ እንዲኖር ይፈቀድለታል ብለው በጽሑፍ ሰጡኝ። ስንት ዓመት የለመንኩት ወረቀት ነው! ከእንግዲህ የቀረው የእሱ መፈታት ብቻ ነው። መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል ብዙ እስረኛ ተለቋል ይባላል። እርስዎ ከአገር ቤት መርከበኞች ጋር ስለሚገናኙ ቶሎ ይሰማሉ፤ ባዩ አለበት ወይ? እኔ ዓይኔ ከበር አልተነሳም። ትልቅ አልጋ ገዝቻለሁ፤ መላጫውንም ሳይቀር አዘጋጅቻለሁ፤ ይሳቁብኝ።

እታች ያለው የፖስታ ሣጥን ስለተሰበረ ደብዳቤ በሙዚየሙ አድራሻ ይላኩልኝ። ደግሞ ድሮ በሰንበት በሰንበት ብቅ ይሉ ነበር፤ ከነሐሴ ወዲህ ጠፉብኝ። ምን በደልኩ?

እህትዎ የትነበርሽ


ሮተርዳም
ኦክቶበር 1 ቀን 1981

ለእህቴ ለየትነበርሽ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ነገር እየጠራኝ ዘገየሁ፤ ይቅር በይኝ። ጤናዬ ደህና ነው። አብሮኝ የሚኖረው ኣስመላሽም ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።

ምንም አልበደልሽም። ቅር አሰኝቼው ይሆን ብለሽ ኣስመላሽንም እንደጠየቅሽው ነግሮኛል፤ እንዲህ አይነት ሐሳብ ከልብሽ አውጪ። መርከብ በመርከብ ላይ እየመጣ ጭነት በዝቶብናል፤ እሑድም እንሠራለን። ለዚያ ነው የጠፋሁት።

ስለተፈቱት ሰዎች መርከበኞቹን ጠይቄ ነበር። የባዩን ስም የጠራ ሰው የለም። ወሬ ብዙ ነው፤ የሚታመን ግን ጥቂት ነው። ያንን አልጋ ምን አስቸኮለሽ? ላልመጣ ሰው አልጋ አይነጠፍም። ገና ላልመጣ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚያ ፎቅ ቤትሽ ማታ አብራሽ የምታድር ሴት አለች? ጓደኛሽ ይመኙሻል ለጊዜው ወደ አንቺ ብትዛወር ምን ይመስልሻል? ጎረቤቶችሽስ ድምፅ ቢሰሙ ደርሰው በር የሚያንኳኩ ሰዎች ናቸው? ብቻሽን መሆንሽ ስለሚያሳስበኝ ነው። በኅዳር መጨረሻ ከጀርመን አንድ ቄስ ይመጣሉ ተብሏል። ያኔ ሁላችንም አንቺ ዘንድ እንመጣለን። እስከዚያ ራስሽን ጠብቂ፣ እህል በደንብ ብዪ።

ወንድምሽ አድማሴ


አምስተርዳም
ኦክቶበር 18 ቀን 1981

ለጋሽ አድማሴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ማታ ማን አብሮሽ ያድራል ላሉኝ፣ ማንም። ጎረቤቶቼ የሞሮኮ ቤተሰብ ናቸው፤ እናትየው ሾርባ ትልክልኛለች፣ በቋንቋ አንግባባም። እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ? ቄሱ ሲመጡ ሁላችንም እንመጣለን ማለትዎ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። አድሬ ሳስበው ግን ደስታዬ ጠፋ። ሁላችንም ማለት እነማን ናችሁ? እኔ ቤት ምን አለና ነው ሁላችሁም የምትመጡት?

እናትዎ እማማ ብዙወርቅ ጻፉልኝ። በየሳምንቱ ለባዩ ስንቅ ቋጥረው እስር ቤቱ በር ይሰለፉ አልነበር? ዘበኛው "ከእንግዲህ ምግብ አያምጡ" ብሎ መልሷቸዋል። ሌላ ነገር አልጻፉም። ሁልጊዜ የሰፈሩን ሰው በሙሉ ይጨምሩበት የነበረው ደብዳቤ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። እጃቸውን አሟቸው ይሆናል። እኔ የመሰለኝ፣ መንግሥት ምግብ ወደሚሰጥበት ሌላ ቦታ አዛውረውታል፤ ወይም ሊፈቱት ነው። ለይመኙሻል ይህንን ሳነብላት ተነሥታ ድስት ማጠብ ጀመረች። ድስቱ ንጹሕ ነበር።

ደግሞ እሷ ሮተርዳም ጣቢያ አይታዎት ነበር። "ጢሙን አሳድጓል፣ ስጠራው አንገቱን ደፍቶ ሰው መሃል ገባ" አለችኝ። አላመንኳትም። እርስዎ እኮ ሳይላጩ ከቤት የማይወጡ ሰው ነዎት፤ መርከብ ላይ ሳሉ ማዕበል ውስጥ እንኳ ይላጩ እንደነበር ባዩ እየሳቀ ያጫውተኝ ነበር። ታመዋል? ከታመሙ ይንገሩኝና ልምጣ።

እባክዎን የስንቁን ነገር እውነቱን ይጻፉልኝ።

የትነበርሽ


ሮተርዳም
ኦክቶበር 27 ቀን 1981

ለእህቴ ለየትነበርሽ፤

አልታመምኩም፤ እንዳትመጪ። የምመጣው እኔ ነኝ። ጢሜ የብርዱ ነገር ነው ብለሽ ተዪው። ይመኙሻልን ሳላናግራት ያለፍኩት ባቡሩ ሊያመልጠኝ ስለነበረ ነው፤ ይቅርታ በይልኝ።

ስለ ስንቁ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እስር ቤት ደንቡ ይለዋወጣል። አንዱ ዘበኛ አምጡ ይላል፣ ሌላው አታምጡ ይላል። እማማ ለእኔም አጭር ነው የጻፈችው። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ? እንደምታስቢው ይሁንልን።

ጎዳናውን በሙሉ አብሮሽ የሚሄድ አምላክ አለ፤ ምንም ነገር ቢመጣ ይህንን እንዳትረሺ። አንድ ቃል ደግሞ ግቢልኝ። ስለ ባዩ ከማንም አበሻ ወሬ እንዳትሰሚ። ማንደፍሮ የሚባል ሰው ከጣሊያን መጥቶ አፈላልጎ ቢያገኝሽ አታስገቢው፤ እኔ ሳልኖር አንድም ቃል አይንገርሽ። ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ሳልኖር ብቻ አይሁን። ምክንያቱን ስንገናኝ አጫውትሻለሁ።

ወንድምሽ አድማሴ


አምስተርዳም
ኖቬምበር 6 ቀን 1981

ለጋሽ አድማሴ፤

እንደምን ከረሙ? ማንደፍሮ የሚባል ሰው አላውቅም፣ አልመጣምም። ክፉ ሰው ካልሆነ ለምን ይፈሩታል? ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ የበር ደወል በጮኸ ቁጥር በሩ ጋ ሄጄ ሳልከፍት እቆማለሁ። ወሬ የሚያመጣ ሰው እየጠበቁ ወሬ እንዳይመጣ መጸለይ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ትናንት ፎቶግራፍ ብቻውን በፖስታ ልኬልዎታለሁ። የሙዚየሙ ፎቶ አንሺ ሰጥቶኝ ሲሄድ በሩ ላይ ጎብኚ ተሰልፎ ስለነበረ ከጀርባው "መጥተው ይዩኝ" ብዬ ጽፌ ከመላክ በቀር ጊዜ አላገኘሁም። እንዳይደነግጡብኝ ዛሬውኑ ላስረዳዎት።

ሙዚየሙ ለኖቬምበር ወር አዲስ ነገር አዘጋጅቷል። ቤቱን ሎማን በሞተበት ሳምንት እንደነበረው አድርገውታል። የመስኮቱ መዝጊያ ሁሉ ተዘግቷል። መስተዋቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ሰዓቶቹ እንዲቆሙ ተደርገዋል። ሳሎኑ መሃል ባዶ የሬሳ ሣጥን በሁለት መቅረዝ መካከል አስቀምጠዋል፤ ባዶ መሆኑን እያወቅኩ በጠዋት አቧራውን ስጠርግ በብሩሹ ጫፍ ብቻ ነው የምነካው። እኛ ሠራተኞቹ ደግሞ የሎማን የቤት ሠራተኞች ሆነን፣ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰን፣ አንገታችንን ደፍተን እንድንቆም ታዘዝን።

እምቢ አልኳት። "ባሌ እስር ቤት ነው፤ ሰው ሳይሞትብኝ ጥቁር አልለብስም፣ እኛ አገር ሟርት ነው" አልኳት። ሜቭራው ፋን ዳለን መጥፎ ሴት አይደለችም፤ አዳምጣኝ ስታበቃ "ጨርቅ እኮ ነው፣ የትነበርሽ" አለችኝ። ቀጥላም የሥራ ውሌ በዚህ ወር የሚታደስ መሆኑን ቀስ ብላ አስታወሰችኝ። ቋሚ ሥራ ከሌለኝ የዴን ሃጉ ፈቃድ አይጸናም። እንግዲህ ለባዩ ብዬ ለበስኩት። ከመልበሴ በፊት ሦስቴ አማተብኩ። ቀሚሱ የሌላ ሰው ላብ ይሸታል፤ አንገቱ ጋ ያንቃል፤ ማታ ሳወልቀው ከትከሻዬ ላይ ሸክም የወረደ ያህል ይሰማኛል።

ፎቶውን የላክሁት እንዲስቁብኝ ነው። አንዱ ጎብኚ እውነተኛ ሐዘንተኛ መስዬው እጄን ጨብጦኛል! ይምጡና በዚህ ይሳቁብኝ፤ ቤቱ ሳቅ ጠምቶታል።

የትነበርሽ


ሮተርዳም
ኖቬምበር 8 ቀን 1981፣ እሑድ

የትነበርሽ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ፎቶሽ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታውን ስከፍተው ኣስመላሽ አጠገቤ ነበር። ከራስሽ እስከ እግርሽ ጥቁር ለብሰሽ፣ ፀጉርሽን ሸፍነሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ሳይሽ ሁለታችንም ባለንበት ተቀመጥን። መስተዋቱንም ሸፍነሽዋል። ከጀርባው "መጥተው ይዩኝ" ያልሽው አንጀቴን በጠሰው። ልክ ነሽ፣ መጥቼ ማየት ነበረብኝ።

ማን ነገረሽ? ማንደፍሮ ነው? ብቻሽን ሆነሽ ነው የሰማሽው? ማን ያዘሽ? አንቺ ስትወድቂ የሚያነሳሽ ሰው ይኑር ብዬ እኮ ነው እስከ ዛሬ የታገስኩት። ቄሱ እስኪመጡ፣ ሰው እስኪሰበሰብ፣ እንደ ወጉ ማለዳ በርሽ ላይ ቆመን እንድንነግርሽ ነበር አሳቤ። ለካ አንቺም አውቀሽ፣ እኔ እንዳልጎዳ ብለሽ ስለ አልጋና ስለ መላጫ ትጽፊልኝ ኖሯል። እኔ ለአንቺ፣ አንቺ ለእኔ ስንደባበቅ ለአንድ ሰው ሁለት ቦታ ለየብቻ ተለቀሰ።

አሁን የምደብቅሽ የለኝም። በሐምሌ ነው። ከሌሎች ጋር ማለዳ ስሙን ጠሩት። ማንደፍሮ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮት ታስሮ ነበር፤ ከእስር ወጥቶ በሱዳን አድርጎ ሮም ሲደርስ ስልክ ደወለልኝ። ባዩ ሹራቡን አውልቆ ለእሱ ሰጥቶት ወጣ። "ለየትነበርሽ ደህና ነበር በላት" ነው ያለው። ከዚያ ያለውን ማንደፍሮም አላየም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የሰማሁት በነሐሴ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምላጭ ፊቴን አልነካውም። ታናሼን ነበር የቀበርኩት፣ ያውም ያለ መቃብር፤ ሰንበት በመጣ ቁጥር ባቡር ልሳፈር እነሳና ፊቴን ባየሽው ጊዜ እንደምታውቂ ሳስብ ተመልሼ እቀመጣለሁ። መጻፍ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ወረቀት ላይ ፊት አይታይም። በጣም ደክሞኛል፣ የትነበርሽ። ብቻዬን ማልቀስ አቅቶኛል። አሁን አብረን እናልቅስ።

ወንድምሽ አድማሴ


አምስተርዳም፣ ባቡር ጣቢያ
ኖቬምበር 10 ቀን 1981፣ ማክሰኞ

የትነበርሽ፤

የዓርቡ ደብዳቤሽ እጄ የገባው ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ነው። ሙዚየሙ፣ የተውሶው ልብስ፣ እንድስቅ የላክሽልኝ ፎቶ። አንብቤው ስጨርስ ወድቄ ኣስመላሽ ውሃ አፈሰሰብኝ። የእሑዱን ደብዳቤዬን ሳትከፍቺው ልነጥቅሽ ዛሬ በመጀመሪያው ባቡር መጣሁ።

በሎማን ቤት በር ላይ ስደርስ ሰዎች ከውስጥ ይወጡ ነበር። አንዲት ሴት ዓይኗን በመሐረብ ትጠርጋለች። ከዚያ ድምፅሽን ሰማሁት። መንገድ ላይ፣ ቦዩ ዳር ሆኜ ሰማሁት። እጄ የበሩን እጀታ ይዞ ነበር።

አልገባሁም። ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ሰው ብቻውን ገብቶ ምን ይላል? ይህንን የምጽፍልሽ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው፤ በፖስታ ልላከው ወይስ ልቅደደው አላውቅም። በእኔ እጅ ሞተብሽ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ የት አባቴ ልግባ።

አድማሴ


አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት
ኖቬምበር 12 ቀን 1981

ለጋሽ አድማሴ፤

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል።

የመጀመሪያውን ፖስተኛው ሲያመጣው ሳሎኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ጎብኚዎች ሣጥኑን ከበው ቆመዋል። የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ሳይ ደስ ብሎኝ፣ በፎቶዬ ስቀዋል ብዬ፣ ጥግ ይዤ ከፈትኩት። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚለውን ሳነብ የቀለዱብኝ መሰለኝ። እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ። ይህንን ፈገግታ ለራሴ ይቅር ለማለት ዕድሜዬ የሚበቃ አይመስለኝም።

ከዚያ ጮህኩ። ፊቴን ነጨሁ። ደረቴን መታሁ። ባዩ፣ ባዩ እያልኩ ያ ባዶ ሣጥን ላይ ወደቅሁ። አንድም ሰው አልነካኝም፣ ጋሽ አድማሴ። ለኤበርሃርት ሎማን የማለቅስ መስሏቸው ነው። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገመዱን ሳያልፉ ቆሙ። አንዱ ፎቶ አነሳኝ። አንዲት አሮጊት ስትወጣ ለሜቭራው ፋን ዳለን "በጣም እውነት ይመስላል" አለቻት። ሜቭራው ግን እኔን ታውቀኛለች፤ ሮጣ መጥታ ገመዱን በጠሰችውና የሎማን ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። አብራኝ አለቀሰች። ለማን እንደምታለቅስ እንኳ አታውቅም ነበር።

ተቆጥቼብዎታለሁ፤ አልደብቅዎትም። ወንድምዎ ነው፣ እኔ ግን ሚስቱ ነኝ። ከነሐሴ ጀምሮ ሐዘን ተቀምጠው እኔን መላጫ አስገዙኝ። ለሞተ ሰው ፈቃድ ለማስጠበቅ ጥቁር አስለበሱኝ። ይመኙሻልም ጢምዎን ያየች ቀን ገብቷት ነበር፤ እማማም ያውቁ ነበር፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህንን ሳስብ በሩን ዘግቼ ዳግመኛ ማንንም አላይም እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ቦዩ ዳር የበሩን እጀታ ይዘው እንደቆሙ ይታየኛል። ብቻዎን እንዳለቀሱ ይታየኛል። መቆጣቱ አቅም ይጠይቃል፣ አቅም የለኝም።

ከማክሰኞ ወዲህ አላለቀስኩም። የሞሮኮዋ ጎረቤቴ ሾርባ አምጥታ ተቀምጣ ሄደች። ይመኙሻል ልታድር መጥታ ነበር፤ መለስኳት። እንባው አልመጣ አለኝ። የሰው ፊት እያየሁ፣ ከሰው አፍ አልሰማሁትም። ወረቀት መርዶ አይሆንም፣ ጋሽ አድማሴ። እኔ ባሌ እንደሞተ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አልመጣም።

ስለዚህ እሑድ ይምጡ። ቄሱን አንጠብቅም። ኣስመላሽን ይዘው ይምጡ፤ ማንደፍሮም ከመጣ ይምጣ፤ ይመኙሻልን፣ የምታውቁትን አበሻ ሁሉ ጥሩልኝ፤ ሦስትም ሆነ አራት ሰው ይበቃል። ሊነጋጋ ሲል ድረሱ። ደረጃው ላይ አታውሩ። የሎማንን ቤት ቀሚስ አውልቄ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ማታ በነጭ የሌሊት ልብሴ እተኛለሁ።

ሲያንኳኩ "ማነው?" እላለሁ። እከፍትና ሁላችሁንም ሳይ "በደህና ነው በዚህ ማለዳ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ያኔ ወደ መሬት እንዳያዩ። ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ። ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ እሰማዎታለሁ።

የትነበርሽ